«ገብቶኛል» ያልኩበት ሳምንት፦ ከአርባ ምንጭ እስከ ቦሌ አራብሳ

እሑድ

ከአርባ ምንጭ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። ሐይቁ በአውቶቡሱ መስኮት አይታይም፤ ያለበት ቦታ ብቻ ከሌላው ጨለማ ትንሽ ፈካ ብሏል። የማንጎ ካርቶን ጉልበቴ ላይ፣ የሙዝ ከረጢት እግሬ ሥር አድርጌ፣ ግማሽ ልቤ ተኝቶ ግማሹ ነቅቶ ነበር የሄድኩት። አሁን ተመልሼ ሳስበው ያ ሳምንት ከዳር እስከ ዳር እንደዚያው ያለፈ ይመስለኛል። «አዲስ አበባ ምን አየሽ?» እያላችሁ መንገድ ላይ ለምታስቆሙኝ ጎረቤቶቼና ባልደረቦቼ ለእያንዳንዳችሁ ከማወራ፣ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ታደለች እባላለሁ፤ በቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እጄ የለመደው ናፍጣና ቤንዚን ነው። አሁን ወደ ከተማችን የሚገቡት አዳዲስ መኪናዎች ግን የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ጭስ የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም፣ ኮፈናቸው ሲከፈት የማውቀው ነገር የለበትም። የኮሌጁ ዲን ቢሮው ጠርቶ ነገሩን ሳያለሳልስ ነገረኝ። አዲስ አበባ ሄጄ የኤሌክትሪክ መኪና ለማስተማር የብቃት ማረጋገጫ ካገኘሁ ለኮሌጁ ማስተማሪያ መኪና ይሰጠዋል። ካላገኘሁ የመኪና ክፍሉ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል፤ እኔም ንብረት ክፍል ገብቼ ለሰው መፍቻ እያወጣሁ ጡረታዬን እጠብቃለሁ። ይህን በሆዴ ይዤ ነው የተሳፈርኩት።

ሶዶ ላይ ቁርስ በላን። ከሆሳዕና የተሳፈረች አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣ ብዙም ሳትቆይ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ትከሻዬ ደነዘዘ። ማንጎው መፍሰስ ጀምሮ ቀሚሴን አረጠበው። ብንቀሳቀስ ትነቃለች ብዬ እስከ ቡታጅራ ድረስ ተገትሬ ሄድኩ። ቡታጅራ ላይ ነቅታ «አስቸገርኩሽ እንዴ?» ስትለኝ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» አልኳት፤ እጄን ግን ማንሳት አልቻልኩም ነበር።

ዓለም ገና ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ከዚያ ታክሲ እየቀያየርኩ ከከተማው አንድ ዳር ወደ ሌላው ዳር ተሻገርኩና ቦሌ አራብሳ ወረድኩ። የኮንዶሚኒየሙ ሕንጻዎች ቁመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ ነው። እኛ ጋ ቤት የሚታወቀው በዛፉ ነው፤ «ትልቁ ማንጎ ያለበት ግቢ» ከተባለ አበቃ። እዚህ የብሎክ ቁጥር ነው ያለው፤ እሱም ሲመሻሽ አይታይም።

ማረፊያዬ የባልደረባዬ የመምህር ደረጀ አክስት ቤት ነው። እትዬ ጫልቱ ይባላሉ፤ አይቻቸው አላውቅም። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ «ቤቶች!» አልኩ። አንዲት ወጣት ሴት ከፈተች፤ አቅፋ ሳመችኝ፤ ካርቶኑን ተቀብላኝ «ግቡ፣ ግቡ፣ ደከመዎት አይደል?» ብላ አስቀመጠችኝ። ልጃቸው ትሆናለች አልኩ። ውሃ መጣ፣ ሻይ ተከተለ። «ሰዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ናቸው።» ሻዩን አጋምሼ ቀና ስል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በትግርኛ የተጻፈ ነው። እትዬ ጫልቱ ደግሞ አራብሳ ገና እርሻ ሳለ እዚሁ የተወለዱ ኦሮሞ መሆናቸውን ደረጀ ነግሮኛል። ቤት ስቻለሁ። ያን ጊዜ ተነስቶ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ነበር፤ ግን የሰው ሻይ አጋምሼ ምን ብዬ ልነሳ? ዝም ብዬ መጠጣቴን ቀጠልኩ።

ያወጣኝ ስልኬ ነው። እትዬ ጫልቱ ደውለው «ልጄ፣ የት ደረስሽ? ወጡ እየቀዘቀዘ ነው» ሲሉ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። ሴትየዋ አየችኝ፣ አየኋት፤ ከዚያ ስትስቅ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። ለተብርሃን ትባላለች። «እኔ እኮ የባለቤቴ ዘመድ ነዎት ብዬ ነው። ማን ነዎት ብዬ ልጠይቅ እንዴት አድርጌ?» አለችኝ። ያን ሁሉ ሰላምታ የተለዋወጥነው ሁለታችንም ሳንተዋወቅ ነው፤ ሁለታችንም ደግሞ ጠርጥረናል። ካርቶኑን ራሷ ተሸክማ ቀጥሎ ካለው ብሎክ እትዬ ጫልቱ በር ድረስ አደረሰችኝ።

ሰኞ

ጠዋት በረንዳ ላይ ስወጣ አራብሳ በጉም ተሸፍኗል። ሕንጻዎቹ ከወገባቸው በታች የሉም፤ የላይኞቹ ፎቆች ብቻ ነጭ ነገር ላይ ተቀምጠዋል። በእኛ አገር በዚህ ሰዓት አንሶላ እንኳ የሚከብድ ነው። እዚህ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ እትዬ ጫልቱ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

«ያ የውሃ ታንከር ያለበት የአባቴ ጤፍ ነበር» አሉኝ ወደ ጉሙ በጣታቸው እያመለከቱ። «ከሱ ወዲህ ባቄላ። እዚያ ጋ ደግሞ ምንጭ ነበር፤ ከብት እናጠጣበታለን።» እኔ ታንከሩም አይታየኝም። እሳቸው ግን እያዩ ነው የሚናገሩት፤ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ድንበሩ የት እንደሆነ ይታወቃል። ቆሜ አብሬያቸው ጉሙን አየሁ፤ ደስ የሚል ነገር ነበረው።

ሥልጠናው ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የቦሌን መንገድ በታክሲ መስኮት ሳየው ነቅቼ ያየሁት አልመስልሽ አለኝ። የእግረኛው መንገድ ከእኛ ዋና አስፋልት ይሰፋል። ሕንጻው ሁሉ መስታወት ስለሆነ ደመናው በግራም በቀኝም ይሄዳል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ እኔ ብቻ ነኝ ቀና የምለው። ወሎ ሰፈር ስወርድ ግን ልቤ ተመለሰ፤ ከሆቴሎቹ ጀርባ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

የጋራዡ ባለቤት አቶ ኃይሉ በዕድሜ ይበልጡኛል። ግቢያቸውን ለሥልጠናው የሰጡት እሳቸውም አብረው ሊማሩ ነው። «በዚህ ግቢ ያልፈታሁት ሞተር የለም፤ አሁን ሞተር የሌለው መኪና መጣብኝ፣ ምን ይሻለኛል?» እያሉ ይስቃሉ። የቀረነው ከየክልሉ ኮሌጅ የመጣን ጥቂት መምህራን ነን።

አሠልጣኛችን ሰላማዊት የምትባል፣ ልጄ ብትሆን የምትደርስ፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች የምትመስል ልጅ ናት። «የመማር ምህንድስና ነው የምሠራው» ስትለኝ መማር ደግሞ ምን መሐንዲስ ያስፈልገዋል ብዬ ፈገግ አልኩ። አላመለጣትም።

«ድልድይ በሉት፣ ቲቸር» አለችኝ። «ሰው አሁን ካለበት ወደሚፈልግበት የሚሻገርበት። ሌሰኑን እንሠራለን፣ ሰው እናሻግርበታለን፣ የተሰነጠቀበትን እናያለን፣ አፍርሰን ደግመን እንሠራለን። ድልድይ ሲደረመስ የሚጠየቀው የሠራው እንጂ የተሻገረው አይደለም። እዚህ የሚፈተነው ሌሰኑ ነው፤ እርስዎ አይደሉም።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ዲኑ ያለኝን ሳስታውስ ግን በሆዴ «አይ የኔ ልጅ፣ የምፈተነውስ እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ለሥልጠናው የተሠራውን መነጽር ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ግቢው እንዳለ አለ፤ ቆሻሻው ጎማም፣ ግድግዳውም፣ አቶ ኃይሉም። ግን የቆመችው መኪና ሆዷ ታየኝ። ብርቱካናማ መስመር ከወንበሯ ሥር ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ «ዋናው ባትሪ» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ አየር ላይ ተንሳፍፏል። እጄን ስሰድለት ጽሑፉ እጄ ላይ ያርፋል። ጆሮዬ ሥር አንዲት ሴት ለስለስ ባለ ድምፅ «ቲቸር ታደለች፣ እንኳን ደህና መጡ» ስትል ደንግጬ ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ጠዋት እትዬ ጫልቱ በጉሙ ውስጥ ጤፉን ሲያዩ ይህን የመሰለ ነገር ይሆናል የሚታያቸው።

እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ድምፁ «ገባዎት?» ብሎ ይጠይቃል። የገባው ጆሮው ላይ ያረፈውን የመነጽሩን ክንፍ አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል፤ ያልገባው ሁለት ጊዜ፤ ያኔ ከመጀመሪያው ይደገምለታል። ቀላል ነው።

ማክሰኞ

ዋናውን ነገር የተማርነው ማክሰኞ ነው። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ከመንካት በፊት ወፍራም ጓንት ይደረጋል፣ ዋናው ማቋረጫ ይነቀላል፣ ከዚያ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይለካል፤ ልኬቱ ዜሮ ሲል ብቻ ይነካል። ድምፁ ይህን ሁሉ በቀስታ ነገረኝ፤ መነጽሩ ውስጥ የሚታዩ ቀስቶችም ብልጭ እያሉ አሳዩኝ።

ያ «ይጠበቃል» የሚለው አልገባኝም። እኔ በማውቀው መኪና የባትሪው ገመድ ከተነቀለ ነገር አለቀ፤ እጅን እስከ ክርን መስደድ ነው። ማቋረጫው ከተነቀለ በኋላ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? የምጠብቀው ማንን ነው? ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ ድምፁ መጣ።

«ገባዎት?»

ሁለት ጊዜ መታ ላደርግ ጣቴን አነሳሁ። ሰላማዊት አጠገቤ ቆማ ታየኛለች፤ ይህችን ትምህርት ለመሥራት ስንት ወር ሌት ተቀን እንደለፋች ጠዋት ነግራናለች። ያ ድምፅ ደግሞ በአንቱታ ነው የሚጠይቀኝ፤ እንደዚያ አክብሮ ላስረዳኝ ምን ብዬ አልገባኝም እላለሁ? አንድ ጊዜ መታ አደረግኩ። ሰው ለመሣሪያ ይሉኝታ ይይዘዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ምሳ አቶ ኃይሉ ጋበዙኝ። ጥብሱን ወደ እኔ እየገፉ «ለመሆኑ ያ የመጠበቁ ነገር ገባሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ገብቶኛል። እርስዎስ?»

«እኔማ ገና ሲጀምር ነው የገባኝ» አሉ። ሁለታችንም ወደ ትሪው አቀረቀርን።

ማታ አራብሳ ስመለስ መነጽሩ ዓይኔ ላይ ያለ ይመስለኛል። በታክሲው መስኮት ቀስት አያለሁ፤ እትዬ ጫልቱ ሲሊንደሩን ሲከፍቱ «ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ እጃቸው ላይ የተንሳፈፈ መሰለኝ። ሕልሜ ውስጥ ሐይቁ ዳር ቆሜያለሁ፤ ውሃው ላይ በትልልቁ «ገባዎት?» ተብሎ ተጽፏል። አዞዎቹ ሁሉ ቀና ብለው መልሴን ይጠብቃሉ።

ረቡዕ

እትዬ ጫልቱ ይጾማሉ፤ እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ ረቡዕን አልጾምም። ይህን ነግሬያቸው አላውቅም፤ የነገራቸው ደረጀ መሆን አለበት። ጠዋት ለራሳቸው ምንም ሳይቀምሱ ለእኔ እንቁላል ቀቅለው፣ ልጠው፣ በሰሃን ከድነው አስቀምጠዋል። «እኔም እጾማለሁ እኮ» አልኳቸው። «በሞቴ አትዋሺ» ብለው ክዳኑን አነሱት።

በዚያ ቀን ሰላማዊት ከባልደረቦቿ ጋር ወደምትሠራበት ቢሮ፣ አያት ወሰደችን። አያት ከአራብሳ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሌላ አገር ነው። አጥር ያላቸው ቪላዎች፣ በየደጁ አበባ፣ ፀጥታ። ቢሮው ውስጥ ትልቅ ስክሪን ላይ የሁላችንም መልስ በረድፍ ተደርድሮ አሳየችን። የገባው አረንጓዴ፣ ያልገባው ቀይ ነው። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ብቻ ነበር።

«ዳታው እንደዚህ ጸድቶ አይቼ አላውቅም» አለች፤ ፊቷ በርቷል። «እንደዚሁ ከቀጠለ ሰኞ ለሁሉም ኮሌጆች እንልከዋለን።»

አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ስንለያይ ባቡር ተሳፍሬ እንደማላውቅ ሰምታ ነበርና «እስከ መገናኛ ይሂዱና ይመለሱ፤ ደስ ይላል» ብላ ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ። ባቡሩ ሲነሳ አይታወቅም። እንደ እኛ አውቶቡስ አይንገጫገጭም፤ ማንም አይጣራም፣ ማንም ዶሮ አልያዘም። ከተማው በሁለቱም በኩል ቀስ ብሎ ወደኋላ ይሄዳል፤ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ፣ ያላለቀ ሕንጻ፣ እንደገና በረንዳ። መገናኛ ወርጄ በሌላው ተመለስኩ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ያ አረንጓዴ ስክሪን ዓይኔ ላይ ባይመጣብኝ።

ሐሙስ

ሐሙስ ተግባር ነው፤ በመነጽር ብቻ ሳይሆን በእጅ። ተራዬ ሲደርስ ጓንቱን አጠለቅኩ። ማቋረጫውን ነቀልኩ። መነጽሩ የሆነ ነገር ጽፎልኝ ነበር፤ ግን እጄ ከመነጽሩ ቀድሞ የሚያውቀውን ሠራ። ባትሪው ተነቅሏል፣ ነገር አልቋል። ቀጥ ብዬ ብርቱካናማውን ገመድ ያዝኩ።

«ቲቸር!»

ሰላማዊት ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ። አቶ ኃይሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላወቅኩም ነበር። ሰላማዊት ክንዴን አለቀቀችም። «ይቺ መኪና ለልምምድ ስለሆነች ባትሪዋ ባዶ ነው» አለች ትንፋሿን ሰብስባ። «ሌላ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰችውም።

ከዚያ በቀስታ «ምን ሆኑ? የመጠበቁ ጋ እኮ ገብቶኛል ብለው ነበር» አለችኝ።

እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ያ ነበር። ግን አልገባኝም ካልኩ ብቃቱን ማን ይሰጠኛል? ክፍሉ፣ ዲኑ፣ ንብረት ክፍሉ፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ተደቀነ። «ተዘናግቼ ነው» አልኩ። «እንግዲያው ቅዳሜ ይደግሙታል» አለችኝ አዝና። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

የዚያን ዕለት እራት አልወርድ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጎርሼ «ጠገብኩ» አልኩ። እትዬ ጫልቱ ወጥ ጨመሩ።

«ኧረ ጠግቤያለሁ፣ እትዬ።»

«ኛዹ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ ብዪ ማለታቸው ነው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

በላሁ። እንደራበኝ የታወቀኝ ያኔ ነው። «ሰው ጠገብኩ ሲልዎት አያምኑም እንዴ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ጠገብኩ የሚለውማ አፍ ነው። እኔ የማየው እጅሽን ነው። እጅሽ ወጡ ላይ እየዞረ አፍሽ ጠገብኩ ይላል፤ ታዲያ ማንን ልመን?»

ትሪውን አንስተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ዓርብ

የዚያን ቀን የምንገናኘው አያት ቢሮው ነው፤ እስክደርስ ድረስ የምናገረውን ስደጋግም ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ሰላማዊት ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች፤ አቶ ኃይሉና ሌሎቹም ሻይ ይዘዋል።

«ሰላሜ» አልኩ፣ «ትናንት አልተዘናጋሁም። ማክሰኞ ዕለትም አልገባኝም ነበር። ገብቶኛል ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

አቶ ኃይሉ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሰላማዊት ዞር ብላ አረንጓዴውን ስክሪን አየችው።

«ለምን?» አለችኝ። «ማሽን እኮ ነው የጠየቀዎት።»

«አጠገቤ ቆመሽ ነበር። እንደዚያ ለፍተሽ ምን ብዬ አልገባኝም እላለሁ? ደግሞ ካልገባኝ ማን አስተማሪ ይለኛል?»

አቶ ኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ያው ነኝ፣ ልጄ» አሉ። ቀጥሎ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው ስኒውን እያየ ያው መሆኑን ተናገረ። ከሁላችንም ውስጥ የገባው አንድም ሰው አልነበረም። ሰላማዊት ዓይኗ እንባ ሞላ። የተናደደችብን መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን «ሰኞ ልልከው ነበር እኮ። ባትሪው ሙሉ የሆነ መኪና ላለው ሰው ልልከው ነበር» እያለች ደጋገመችው። እኔም አለቀስኩ፤ ደብቄ እንኳ አይደለም።

ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «እሺ። ከየት ጀምሮ ነው የጠፋብዎት?» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ጥያቄ እንደዚያ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ተማሪዎቼን እንደዚያ ጠይቄ አላውቅም። ነገርኳት፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ የምጠብቀው ማንን ነው አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ቤት ካውያ አለዎት? ከሶኬቱ ስለነቀሉት ብቻ መዳፍዎን ያሳርፉበታል?»

«አላሳርፍም።»

«ለምን?»

«ሙቀቱ ገና ውስጡ አለ።»

ስናገረው ለራሴው በራልኝ። አቶ ኃይሉ ጭናቸውን መቱ። መስመሩ ውስጥ የቀረ ኃይል አለ፤ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ የምጠብቀው እሱን ነው። ያን ሁሉ ቀስትና ያን ሁሉ ጽሑፍ ያላስረዳኝን አንድ ካውያ አስረዳኝ። ካውያውም የመጣው አልገባኝም ስላልኩ ነው።

የእትዬ ጫልቱን ነገር ያወራሁት ያኔ ነው። እኛ አገር እንግዳን «ጠገብክ?» ብሎ መልሱን የሚያምን ባለቤት የለም፤ እጁን ነው የሚያየው፤ አንቺም «ገባዎት?» ማለቱን ተዪና እጃችንን እዪ አልኳት። ሰላማዊት እየሳቀች ማስታወሻ ያዘች። ጓደኞቿን ጠራች፤ ያን ጥያቄ ከመላው ትምህርት ውስጥ እየፈለጉ ማውጣት ጀመሩ። በየቦታው አዲስ ነገር ሲያስገቡ እኛን አስቀምጠው ይሞክሩብናል፤ ስንሳሳት ይደሰታሉ፣ ያፈርሱታል፣ ደግመው ይሠሩታል። ምሳ ሽሮ አስመጥተው እዚያው በላን። አረንጓዴው ስክሪን ሲመሽ ቀይ በቀይ ሆኖ ነበር፤ ሰላማዊት ግን ከረቡዕ ይልቅ ደስ ብሏታል።

ቅዳሜ

ወሎ ሰፈር፣ ያው ግቢ፣ ያቺው መኪና። ጓንቱን አጠለቅኩ፤ መነጽሩን አደረግኩ። ቀስቶቹ እንደ በፊቱ መሩኝ። ማቋረጫውን ስነቅል ግን መነጽሩ ባዶ ሆነ። ቀስት የለም፣ ጽሑፍ የለም፤ መኪናዋ ተራ መኪና ሆነች። ያ ለስላሳ ድምፅ ብቻ «አሁን ብቻዎን ነዎት። ቀጥሎ የሚያደርጉትን ያሳዩኝ» አለኝ።

እጄ ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ጠበቅኩ።

ያንን መጠበቅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከአጥሩ ውጪ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፤ አውሮፕላን አለፈ፤ ቀና አላልኩም። ሐይቁ ትዝ አለኝ፤ ዓሣ አጥማጆቻችን መረቡን ጥለው ጀልባው ላይ ሳይነጋገሩ የሚቀመጡት። ካውያው ውስጥ ያለው ሙቀት ቀስ እያለ ሲወጣ ይታየኛል፤ መነጽሩ አይደለም የሚያሳየኝ። ከዚያ መለኪያውን አስገባሁ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ነበር። ገመዱን ያዝኩት።

ዞር ስል ሰላማዊት ከኋላዬ ቆማለች። ገባዎት ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እጄን ነበር የምታየው። ከሰዓት በኋላ ብቃቴን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

የመመለሻው እሑድ

ሌሊቱን እትዬ ጫልቱ ቆሎ ቆልተው በጨርቅ ቋጥረውልኛል። ለተብርሃን ደግሞ ትኩስ ሕምባሻ ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አገኘኋት፤ «እንኳን ተሳስተው መጡብኝ» አለችኝ። ጋቢውን ልመልስ ብል እትዬ ጫልቱ «ምንም አልበረደኝም» አሉ። እጃቸውን አየሁ፤ ብብታቸው ሥር ወሽቀውታል። ጋቢውን አውልቄ ትከሻቸው ላይ አደረግኩላቸው፤ ሳቁና ተከናነቡት። አውቶቡሱ ከሆሳዕና ሲያልፍ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሐይቁን ሳይ ነቃሁ።

ያቺ ቃል የተገባችልን ማስተማሪያ መኪና ኮሌጃችን ግቢ የገባችው ከዚያ ወዲህ ነው። ክፍሉ አልተዘጋም። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቼን ዙሪያዋን አቁሜ ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው፤ የተሳሳትኩትን ቤት፣ ለመሣሪያ የዋሸሁትን፣ ገመዱን የያዝኩበትን እጅ። ሳቁ፤ ገመዱ ጋ ስደርስ ግን አንድ እርምጃ ከመኪናዋ ራቁ። ከዚያ ስለ መጠበቅ አስረዳኋቸው፤ ስጨርስም ልማድ ሆኖብኝ ያው ጥያቄ ከአፌ ወጣ።

«ገባችሁ?»

«ገብቶናል፣ ቲቸር» አሉ በአንድ ድምፅ።

ጓንቱን ይዤ ቆምኩ። ማንንም አልጠራሁም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም።»

ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን ቃል ከተማሪ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሌሎቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ወደ መኪናዋ ስትቀርብ ጓንቱን አጠለቅኩላት።

«ከየት ጀምሮ ነው የጠፋብሽ?» አልኳት።